በእጅ የማይዳሰስ ገንዘብ የተሰረቀበት ሰው ወደ ማን አቤት ይላል?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በሬው የጠፋበት ገበሬ ምን ማድረግ እንዳለበት ከአባቶቹ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ያስተምረዋል። ዱካ ይከተላል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ለዳኛ ያመለክታል። ከባንክ ሂሳቡ ገንዘብ የጎደለበትም ሰው ቢሆን በማግሥቱ ማልዶ ከባንኩ መስኮት ፊት ይቆማል። ባንኩ ግንብ አለው፤ ሥራ አስኪያጅ አለው፤ ማኅተም አለው። በኛ ዘመን ግን ግንብ የሌለው፥ መስኮት የሌለው፥ በእጅ የማይዳሰስ ገንዘብ ተነሥቷል። ይህ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ከባለቤቱ ሂሳብ ወጥቶ፥ ጎሕ ሳይቀድ ሦስትና አራት ባሕር ተሻግሮ ያድራል። የተሰረቀውም ሰው በማግሥቱ የስልኩን መስተዋት እየተመለከተ፥ «ወደ ማን አቤት ልበል?» ይላል።

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ብዙ ሰዎች መልሱ «ወደ ማንም» ነው ብለው ስለሚያምኑ ገንዘባቸውን ከነመብታቸው ጥለው ይቀመጣሉ። ይህ እምነት ትክክል አይደለም። ባለፉት ዐሥር ዓመታት የልዩ ልዩ አገሮች ፍርድ ቤቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ፍርድ ሰጥተዋል። ከነዚህ ፍርዶች የምንማረው ቁም ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ መብት አለ፤ ነገር ግን መብቱ የሚጠቅመው ፈጥኖ ለተነሣ፥ ማስረጃውን ላልጣለ፥ ከዱካው መጨረሻ ላይም ስሙ የታወቀ ተጠያቂ ላገኘ ሰው ነው። በንግግሬ ውስጥ የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገራችንን ሕግ ስጠቅስ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ በመጀመሪያ ይህ ገንዘብ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ልበል። ክሪፕቶ የሚባለው ገንዘብ በወረቀት የታተመ ወይም ከብረት የተቀረጸ አይደለም። በዓለም ላይ በተበተኑ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በአንድ ዐይነት ቃል የሚጻፍ መዝገብ ነው። የመጀመሪያው ቢትኮይን ይባላል፤ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የወጣ ጽሑፍ በ2008 አስተዋወቀው፤ በ2009 መጀመሪያም ሥራውን ጀመረ። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የሰው ስም ሳይሆን ረጅም የፊደልና የቁጥር አድራሻ ነው። ገንዘቡን ከአንዱ አድራሻ ወደ ሌላው ለማዛወር የሚችለው የምስጢር ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ቁልፉን ራሱ ይይዛል። አብዛኛው ሰው ግን ገንዘቡን መገበያያ ለሚባሉ ድርጅቶች ሰጥቶ፥ በይለፍ ቃል የሚከፈት ሂሳብ ብቻ ይይዛል። ይህን ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ፊት በምናገረው ሁሉ ውስጥ ይመላለሳልና።

ስርቆቱ በሦስት በሮች ይገባል። አንደኛው በር የመገበያያው ድርጅት ራሱ ሲሰበር ነው፤ ይህ ሲሆን ደንበኛው ምንም ሳያጠፋ ይጎዳል። ሁለተኛው በር የደንበኛው የራሱ ሂሳብ ነው። ሌባው የይለፍ ቃሉን በሐሰተኛ መልእክት ያወጣጣል፤ ወይም የስልክ ኩባንያ ሠራተኛን አታልሎ የባለቤቱን የስልክ ቁጥር በራሱ ሲም ካርድ ላይ ካስመዘገበ በኋላ፥ ለባለቤቱ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር እሱ ይቀበላል። ሦስተኛው በር ደግሞ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚከፍተው ነው። የማያውቀው ሰው በስልክ ወዳጅ ሆኖ ይቀርበዋል፤ ሳምንታትና ወራት ያጫውተዋል፤ ቀጥሎ ትርፍ የሚያስገኝ የመገበያያ ገጽ ያሳየዋል። በገጹ ላይ ገንዘቡ ሲያድግ ይታየዋል፤ ጥቂቱንም አውጥቶ እንዲቀምስ ይፈቀድለታል። ብዙውን ካስገባ በኋላ ግን ገጹ ይዘጋል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ንብረቴ ተሰረቀ» ለማለት አስቀድሞ የጠፋው ነገር በሕግ ዐይን ንብረት መሆን አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀላል አልነበረም።

በቶኪዮ ከተማ ማውንት ጎክስ የሚባል የመገበያያ ድርጅት ነበረ። በ2013 ከዓለም የቢትኮይን ግብይት አብዛኛው በሱ በኩል ያልፍ ነበር። በ2014 ፌብሩዋሪ ግን 850,000 ያህል ቢትኮይን መጥፋቱን አስታውቆ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከዚሁ ውስጥ 750,000 ያህሉ የደንበኞች ነበረ። ጥቂት ቆይቶ 200,000 ያህሉ በአሮጌ አድራሻ ውስጥ ተገኘ። ከደንበኞቹ አንዱ፥ «ቢትኮይኑ የኔ ነውና ከኪሳራው ንብረት ተለይቶ ይመለስልኝ» ብሎ ከሰሰ። የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት በ2015 ኦገስት በሰጠው ፍርድ፥ በጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ባለቤትነት የሚኖረው በሚዳሰስ ነገር ላይ ስለ ሆነ፥ ቢትኮይን ደግሞ የማይዳሰስ ስለ ሆነ፥ ከሳሹ ባለቤት ነኝ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም አለ።

የዚህ ፍርድ ውጤት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ባለቤት ያልሆነ ሰው ባለገንዘብ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፎ ከተረፈው ድርሻውን የሚጠብቅ ማለት ነው። በዚህም ላይ በኪሳራው ሥርዓት የያንዳንዱ ጠያቂ ድርሻ በ2014 በነበረው ዋጋ ተሰላ፤ ያን ጊዜ የአንድ ቢትኮይን ዋጋ 480 ዶላር ያህል ነበረ። በ2017 መጨረሻ ግን ዋጋው ወደ 20,000 ዶላር ተጠጋ። ስለዚህ የተረፈው ቢትኮይን ከዕዳው ሁሉ በላይ ሆነ፤ ትርፉም ለተሰረቁት ሰዎች መሆኑ ቀርቶ ለድርጅቱ ባለ አክሲዮኖች ሊሄድ ሆነ። ተበዳዮቹ ይህን አይተው ዝም አላሉም። ተሰብስበው ጉዳያቸው ከኪሳራ ወደ ሌላ የሕግ ሥርዓት እንዲዛወር አመለከቱ፤ ፍርድ ቤቱም በ2018 ጁን ፈቀደላቸው። ለተበዳዮቹ ቢትኮይኑ መከፈል የጀመረው በ2024 ጁላይ ነው። ከስርቆቱ ማስታወቂያ እስከ ክፍያው መጀመሪያ ከዐሥር ዓመት በላይ አለፈ። ይሁን እንጂ ስማቸውን ያስመዘገቡት፥ ሰነዳቸውን የጠበቁት፥ ቀጠሮውን ያልሰለቹት አገኙ።

በማይዳሰስ ነገር ላይ ባለቤትነት አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር ለኛም አገር ሕግ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1129፥ እንደ ኤሌክትሪክ ያሉ ዋጋ ያላቸው የተፈጥሮ ኃይሎች ሰው ገዝቷቸው ለጥቅሙ ሲያውላቸው እንደ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲቈጠሩ ደንግጓል። ኤሌክትሪክን በእፍኙ የዘገነ የለም፤ ቢሆንም የሰረቀው ይቀጣል። አንቀጹ ስለ ዲጂታል ገንዘብ የሚናገረው ነገር እንደሌለ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሕግ የማይጨበጠውን ነገር ዋጋውን አይቶ በንብረት ተራ ሊያስገባው እንደሚችል ያሳየናል።

በኒው ዚላንድ የሆነው ታሪክ ከቶኪዮው የተለየ ነው። ክሪፕቶፒያ የሚባለው የክራይስትቸርች ከተማ መገበያያ ድርጅት በ2019 ጃንዋሪ ተሰብሮ 30 ሚሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር ያህል ተሰረቀ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ፈረሰ። ሂሳብ አጣሪዎቹ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደው፥ «ከስርቆቱ የተረፈው ገንዘብ የማን ነው? ለድርጅቱ ያበደሩትና ዕቃ የሸጡለት ሰዎች ይካፈሉት ወይስ የሂሳቡ ባለቤቶች?» ብለው ጠየቁ። ዳኛ ጄንዳል በ2020 ኤፕሪል በሰጡት ፍርድ ክሪፕቶ ገንዘብ ንብረት መሆኑን፥ ድርጅቱም ይህን ንብረት ለደንበኞቹ በአደራ ይዞት የነበረ መሆኑን ወሰኑ። በአደራ የተያዘ ነገር የአደራ ተቀባዩ ዕዳ መክፈያ አይሆንም። ስለዚህ የተረፈው ሁሉ ለሂሳቡ ባለቤቶች ሆነ፤ ማንነታቸው ተጣርቶ በ2024 መጨረሻ ይመለስላቸው ጀመር።

አደራ ጥብቅ ነው፥ ሰማይ ሩቅ ነው የሚለው ያባቶቻችን አነጋገር በዚህ ፍርድ ውስጥ በባዕድ ቋንቋ የተነገረ ይመስላል። ዕዳና አደራ በስም ብቻ የሚለያዩ ነገሮች አይደሉም። ያበደርሁት ሰው ቢከስር እኔም አብሬው እጎዳለሁ፤ አደራ ያስቀመጥሁበት ሰው ቢከስር ግን የኔ ነገር የኔ እንደ ሆነ ይኖራል።

ታዲያ አንድ ገንዘብ አደራ ይሁን ዕዳ የሚለየው በምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ማንም በማያነበው ውል ነው። በክሪፕቶፒያ ውል ውስጥ ገንዘቡ በአደራ መያዙን የሚገልጽ ቃል ይገኝ ነበር። የአሜሪካኑ የሴልሲየስ ድርጅት ነገር ግን በተቃራኒው ሆነ። ሴልሲየስ ወለድ እከፍላለሁ እያለ የብዙ ሰዎችን ክሪፕቶ ሰብስቦ በ2022 ጁላይ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በኒው ዮርክ የተሰየሙት ዳኛ ማርቲን ግሌን በ2023 ጃንዋሪ በሰጡት ውሳኔ፥ በውሉ ቃል መሠረት ደንበኞቹ ወለድ በሚያስገኘው ሂሳብ ውስጥ ያስገቡት ገንዘብ የድርጅቱ ንብረት ሆኗል አሉ። በዚህ ሂሳብ ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች የተቀመጠላቸው ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረ። የድርጅቱ መሥራች አሌክስ ማሺንስኪ በማጭበርበር ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ በ2025 ሜይ 12 ዓመት ተፈረደበት። የሰውየው መታሰር ግን የውሉን ቃል አልለወጠውም።

በእንግሊዝ አገርም ሕጉ ወደ ኒው ዚላንዱ አስተሳሰብ ሄዷል። ቀድሞ ከዳኞች ፍርድ የመጣው ነገር በ2025 ዲሴምበር በፓርላማ ሕግ ጸና። ሕጉ፥ አንድ ነገር በጥንቱ የንብረት ክፍፍል ውስጥ ባለመግባቱ ብቻ ንብረት ከመሆን እንደማይከለከል ይደነግጋል።

ክቡራን አድማጮች፤ እስካሁን የተናገርሁት ተጠያቂው ድርጅት ሲታወቅ ነው። ሌባው ስም የለሽ ሲሆንስ? ስሙ ያልታወቀ ሰው መጥሪያ እንዴት ይደርሰዋል?

በ2019 በአንድ የካናዳ ኢንሹራንስ ኩባንያ ላይ ሌቦች ገብተው ከ1,000 በላይ ኮምፒዩተሮቹን ቆለፉበት። ቁልፉን ለመመለስ 109 ቢትኮይን ከሩብ፥ ማለት 950,000 ዶላር ተቀበሉ። ገንዘቡን የከፈለው የኩባንያው ዋስ የሆነ የእንግሊዝ መድን ድርጅት ነበረ። ይህ ድርጅት ከፍሎ ዝም አላለም፤ መዝገብ የሚከታተሉ ባለሙያዎች ቀጥሮ የቢትኮይኑን መንገድ አስፈለገ። ከተከፈለው ውስጥ 96ቱ ቢትፊኔክስ በሚባለው መገበያያ ስር ወዳለ አድራሻ መድረሱ ታወቀ። በለንደን የተሰየሙት ዳኛ ብራያን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቢትኮይን ንብረት መሆኑን ተቀብለው፥ «ስማቸው ባልታወቀ ሰዎች» ላይ የእግድ ትእዛዝ ሰጡ፤ መገበያያውም የአድራሻውን ባለቤት ማንነት እንዲገልጥ ታዘዘ።

ይህ አሠራር በገጠራችን ከሚታወቀው የዱካ ልማድ ጋር ይመሳሰላል። ከብት የጠፋበት ሰው ዱካውን ተከትሎ አንድ መንደር ሲደርስ የመንደሩን ሰዎች፥ «ዱካው ከናንተ ገብቷል፤ ወይ አስወጡልኝ ወይ መልሱልኝ» ይላቸዋል። የአብዛኛው ክሪፕቶ መዝገብ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ዱካው በቀላሉ አይጠፋም። ዱካው ደንበኞቹን በመታወቂያ መዝግቦ የሚያስተናግድ መገበያያ ዘንድ የገባ እንደ ሆነ፥ ዳኛ የሚያዘው ሰው ተገኘ ማለት ነው። ቴዘር የሚባለውን ዲጂታል ዶላር የሚያወጣው ድርጅትም የተሰረቀ ገንዘብ ያለበትን አድራሻ ለማገድ ይችላል። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2025 ጁን ከትርፍ ተስፋ ማታለል ጋር የተያያዘ 225 ሚሊዮን ዶላር ያህል የዚህን ገንዘብ ለመውረስ ክስ የመሠረተው በዚህ ዐይነት ነው።

ነገር ግን ዱካውን ማስረዳት የከሳሽ ሸክም ነው። የጥንቱ ሌባሻይ የሮጠበት ቤት ሁሉ የሌባ ቤት ይባል ነበር፤ ዛሬ ዳኛ እንዲህ ያለውን አይቀበልም። በለንደን ከሦስተኛው ዐይነት ማታለል ተጎጂ የሆነ አንድ ከሳሽ በ2022 ስማቸው ላልታወቁት ተከሳሾች መጥሪያው በዚያው በክሪፕቶ መዝገብ በኩል እንዲደርስ ተፈቀደለት፤ ይህም በጊዜው እንደ ትልቅ ነገር ተነገረለት። በ2024 ሴፕቴምበር ግን ቢትከብ በሚባለው የታይላንድ መገበያያ ላይ ያቀረበው ክስ ወደቀ። ዳኛው የጠፋው ዲጂታል ዶላር ንብረት መሆኑን ተቀብለዋል፤ የከሳሹ ባለሙያ ግን የሱ ገንዘብ በርግጥ ያ መገበያያ ዘንድ መድረሱን በሚያሳምን መንገድ አላስረዳም አሉ። መብቱ ኖሮ ማስረጃው ስላልበቃ ክሱ ቀረ።

እንዲሁም ከሕግ ክንድ የሚርቅ ሌባ መኖሩን መሸሸግ አይገባም። በ2025 ፌብሩዋሪ ባይቢት ከሚባለው መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲዘረፍ፥ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አድራጊዎቹ የሰሜን ኮርያ ሰዎች ናቸው ብሏል። እንዲህ ያለውን ሌባ መጥሪያ አያመጣውም። ቁልፉን ራሱ ይዞ የተሰረቀ፥ ዱካውም መታወቂያ ከማይጠይቅ ስፍራ የገባበት ሰው የሚከሰው ተጠያቂ ለማግኘት እጅግ ይቸግረዋል።

ይሁን እንጂ ተስፋ ቈርጦ አለማመልከት ስሕተት ነው። ከዚሁ ከቢትፊኔክስ በ2016 ኦገስት 119,756 ቢትኮይን ተሰረቀ። ድርጅቱ ጉዳቱን በደንበኞቹ ሁሉ ላይ አካፍሎ ከያንዳንዱ ሂሳብ 36 ከመቶ ያህል ቀነሰ፤ ኋላ ግን ተካላቸው። ሌባው ለስድስት ዓመት ያህል አልተገኘም። በ2022 ፌብሩዋሪ ኢልያ ሊክተንስታይን የሚባል ሰው ከባለቤቱ ጋር በኒው ዮርክ ተያዘ፤ 94,000 ያህል ቢትኮይንም ተያዘ፤ ዋጋው ያን ጊዜ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ነበረ። በ2024 ኖቬምበርም አምስት ዓመት ተፈረደበት። ስለዚህ በስርቆቱ ሰሞን ከንቱ መስሎ የታየ አቤቱታ ከዓመታት በኋላ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። የተያዘ ገንዘብ ሲከፋፈል የሚፈለገው በጊዜው ያመለከተ ሰው ነውና።

እንግዲህ ይህ ያገኘው ሰው በቅደም ተከተል ምን ያድርግ?

አንደኛ፤ በዚያችው ሰዓት ለመገበያያው ድርጅት አመልክቶ ሂሳቡ እንዲታገድ ይጠይቅ። የጥያቄውን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ጽሑፍ ይያዝ። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ ይካዳል። ገንዘቡ ከባንክ የተላከ እንደ ሆነ ለባንኩም ወዲያው ያስታውቅ።

ሁለተኛ፤ የይለፍ ቃሉን ሁሉ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ይለውጥ። የስልክ ቁጥሩ የተወሰደበት እንደ ሆነ ወደ ስልክ ኩባንያው ሄዶ ያስመልስ፤ ቁጥሩ የተዛወረበትንም ሰዓት የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፤ ምንም ነገር አይደምስስ። ብዙ ሰው በንዴትና በኀፍረት ከአታላዩ ጋር የተጻጻፈውን ሁሉ ያጠፋል፤ ይህ የገዛ ምስክርን እንደ መግደል ነው። መልእክቶቹን፥ የገጹን ስም፥ የተላከበትን አድራሻ፥ የዝውውሩን መለያ ቁጥር፥ ቀኑንና መጠኑን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በተራ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ለፖሊስ ያመልክት፤ የማመልከቻውንም ቁጥር ይያዝ። በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያመለክቱት ለፌዴራል ምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማእከል ነው። ለዚህ ማእከል በ2024 ብቻ ክሪፕቶን የሚመለከት 150,000 ያህል አቤቱታ ደርሶታል፤ የተነገረውም ጉዳት 9.3 ቢሊዮን ዶላር ነበረ።

አምስተኛ፤ ውሉን አውጥቶ ያንብብ፤ ጠበቃም ያማክር። ገንዘቡ በአደራ ነው ወይስ በብድር? ክርክሩ በየትኛው አገር ሕግ ይዳኛል? በፍርድ ቤት ነው ወይስ በግልግል? የክሱ ወጪ ከጠፋው ገንዘብ እንዳይበልጥም አስቀድሞ ይመዝን። የለንደኑን ዐይነት እግድ ያገኙት ለባለሙያና ለጠበቃ ለመክፈል የቻሉ ናቸው። ጥቂት ገንዘብ ለጠፋው ሰው ግን ከሌሎች ተበዳዮች ጋር ተባብሮ ማመልከት ይሻለዋል።

በአገራችንስ ነገሩ እንዴት ነው? የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑን አስታውሶ፥ በቢትኮይንና በመሰሎቹ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ሕዝቡ እንዲያውቅ አስጠንቅቋል። ስለዚህ በዚህ ገንዘብ የሚነግድ ሰው አስቀድሞ ራሱ በምን ላይ እንደ ቆመ ማወቅ ይገባዋል፤ ከማመልከቱም በፊት ሕግ ዐዋቂ ቢጠይቅ መልካም ነው። ይህ ማለት ግን ሌባው ከሕግ ያመልጣል ማለት አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባትንና በኮምፒዩተር የሚደረግ ማታለልን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። አታላዩ በዚሁ አገር የሚኖር፥ ብርንም በአገር ውስጥ ባንክ የተቀበለ እንደ ሆነ ዱካው ቅርብ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ሰው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የተወሰነው ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት መሆኑን አይርሳ፤ ጉዳቱ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ወንጀል የመጣ ሲሆን ብቻ የወንጀሉ ይርጋ ይጸናለታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጊዜውን መቍጠር ያስፈልጋል።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ሁለተኛው ሌባ ልናገር። አንድ ሰው በክሪፕቶ መታለሉ የተሰማ እንደ ሆነ፥ «የጠፋብህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ» የሚል ሌላ ሰው ብቅ ይላል። ጠበቃ ነኝ ይላል፤ የመንግሥት መርማሪ ነኝ ይላል፤ መዝገብ የምከታተል ባለሙያ ነኝ ይላል። ገንዘቡ መገኘቱን የሚያሳይ ያማረ ወረቀት ይልካል፤ ግብርና የአገልግሎት ዋጋ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2023 ስለ እነዚህ ሰዎች ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሰረቁት ራሳቸው ወይም የተሰረቁትን ሰዎች ስም ዝርዝር ከነሱ የገዙ ናቸው። እውነተኛ ፖሊስ ሌባ ለመያዝ ከተበዳዩ ገንዘብ አይቀበልም። ገንዘብህ በርግጥ እንደሚመለስ ቃል የሚገባልህም እውነተኛ ጠበቃ የለም። የምስጢር ቁልፍህንና የይለፍ ቃልህን የሚጠይቅህ ማንም ቢሆን ሌባ ነው።

ሌባው ከሁሉ ይልቅ የሚተማመነው በተበዳዩ ኀፍረት ነው። የተማረ ሰው፥ የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው፥ በመሥሪያ ቤቱ አስተዋይ የተባለ ሰው «ተታለልሁ» ማለት ያፍራል። ለሚስቱ አይነግርም፤ ለወንድሙ አይነግርም፤ ለፖሊስም አይነግርም። ብቻውን ሆኖ ሊያስመልስ ሲሞክር ሁለተኛው ሌባ ያገኘዋል። ከቶኪዮ ተበዳዮች የምንማረው ግን በአንድነት ቆሞ በአደባባይ መጠየቅ እንደሚጠቅም ነው። መታለል ጉዳት ነው እንጂ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የአታላዩ ነው።

ስለዚህ፥ ክቡራን አድማጮች፤ ከዘመዶቻችሁ ወይም ከሥራ ባልደረቦቻችሁ አንዱ ይህ ነገር ደርሶበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያማከራችሁ እንደ ሆነ አትሳቁበት፤ «ድሮም ነግሬህ ነበር» አትበሉት። ወረቀትና እርሳስ አምጡለት፤ የሆነውንም ሁሉ በቀን በቀኑ እንዲጽፍ አግዙት፤ በዚያው ዕለት ወደሚያመለክትበት ቦታ አብራችሁት ሂዱ። በእጅ የማይዳሰሰውን ገንዘብ በእጅ ሊያስገባ የሚችለው፥ በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ በጊዜው ሲቀርብ ነውና።